ስለ መመሪያ ጽሑፍ ምርመራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ደን ጥበቃ ያማሩ ቃላት አሰምተዋችኋል። የእኔ ርእስ እንደ እነርሱ ርእስ ልብን የሚያሞቅ አይመስልም። ልናገር የተነሣሁት ለኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ስለሚጻፍ መመሪያ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት መመርመር ያለበት ስለ ምን እንደ ሆነና ምርመራውም እንዴት ያለ መሆን እንደሚገባው ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። በእንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ በተጻፈ በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ምክንያት ብዙ የቀን ሠራተኞች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ በፀሐይ ቆመው ሲውሉ በዓይኔ አይቻለሁና።

አስቀድሜ ስለ ነገሩ ጥቂት ላስረዳ። ኮምፒውተር በእጅ የሚዳሰስ አካል አለው። ማራገቢያው፣ ባትሪው፣ የሙቀት መለኪያው ሁሉ ከዚህ አካል የሚቈጠሩ ናቸው፤ በአንድ ስም ሃርድዌር ይባላሉ። ሰው ግን ከእነዚህ ጋር በቀጥታ መነጋገር አይችልም። በመካከል ሆኖ የሰውን ትእዛዝ ወደ አካሉ፣ የአካሉንም ሁኔታ ወደ ሰው የሚያደርስ ፕሮግራም አለ፤ እርሱም ድራይቨር ይባላል። የስሙ ትርጉም ሾፌር ቢሆንም ሥራው የአስተርጓሚ ነው።

በመተማ ያደገ ሰው ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በገበያችን አማርኛ ብቻ የሚያውቅ የደጋ ሰውና ዓረብኛ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ ሲገናኙ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። አስተርጓሚው ዐዋቂ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች መኖሩን እንኳ ይረሱታል፤ ሲሳሳት ግን ገንዘብም ወዳጅነትም ይጠፋል። ለድራይቨር የሚጻፈው መመሪያ እንግዲህ «ይህ አስተርጓሚ ይህን ስትለው ይህን ያደርጋል» ብሎ ለተጠቃሚው የሚያስታውቅ ደብዳቤ ማለት ነው።

ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚባል የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። በዚህ ሥርዓት ብዙው የአካል መቆጣጠሪያ እንደ ትንሽ ፋይል ሆኖ ይታያል። ፋይሉን ቢከፍቱት አንድ ቁጥር ይገኝበታል፤ ቁጥሩም የአካሉን ሁኔታ ይናገራል። በአንዳንዱም ፋይል ላይ ሌላ ቁጥር ቢጽፉበት ጽሑፉ ትእዛዝ ይሆናል። ብልሃቱ እጅግ ቀላል ነው፤ አደጋውም ያለው ከዚሁ ቀላልነቱ ላይ ነው። ፋይሉ ቁጥሩን ብቻ ያሳያል እንጂ የቁጥሩን ትርጉም አይናገርም። ትርጉሙ ያለው በመመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታሪኬ ልግባ። አምና በጥቅምት ወር፣ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ አጎቴ ሰሊጥ በሚያከማችበት መጋዘን ውስጥ ከትምህርት በተረፈኝ ሰዓት እየሄድኩ ሂሳብ በመመዝገብ እረዳው ነበር። በዚያ ወራት ቆላችን ከደጋ በሚወርዱ አጫጆች የተሞላ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰሊጥ የደረሰ ጊዜ አይታገሥም፤ ዛላው ሲደርቅ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሁሉም ይቸኩላል፤ አጫጁ ይቸኩላል፣ ባለ እርሻው ይቸኩላል፣ ሂሳብ ያዡም ይቸኩላል። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ የሠራው ቀንና የሚገባው ገንዘብ የሚጻፈው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። መጋዘኑ ጣራውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለ ሆነ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል።

ኮምፒውተሩን ያመጣልን ባለሙያ ሙቀቱን አይቶ ማራገቢያው በእጅ እንዲታዘዝ ካደረገው በኋላ አንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልን። ወረቀቱ የማራገቢያው ፍጥነት ከ0 እስከ 100 መሆኑን፣ ሲሞቅም 100 መጻፍ እንዳለብን ይናገር ነበር። እኛም እንደ ታዘዝነው በየጧቱ 100 እንጽፋለን። ነገር ግን እኩለ ቀን ሲሆን ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል። ስናበራው ጥቂት ይሠራና ደግሞ ይጠፋል። አንድ ቅዳሜ፣ የደመወዝ ቀን ነበር፤ መዝገቡ አልከፈት ብሎ ሠራተኞቹ ከጧት እስከ ማታ በደጅ ቆሙ። ከእነርሱም አንዱ የታመመች እናት እንዳለችውና በዚያው ቀን መኪና ተሳፍሮ ወደ አገሩ ለመግባት እንዳሰበ ሲነግረን ሰማሁ። ገንዘቡን ያገኘው በማግሥቱ ነው። መኪናው ግን ሄዶ ነበር።

ሁላችንም ያማረርነው ሙቀቱን ነበር። «የመተማ ፀሐይ እንኳን ኮምፒውተር ግመልም አይችላት» እያልን እንቀልድ ነበር። ወረቀቱን የተጠራጠረ አንድም ሰው አልነበረም፤ የተጻፈ ነገር እውነት ይመስለናልና።

እሑድ ዕለት ብቻዬን ተቀምጬ ነገሩን ልፈትነው አሰብኩ። 100 ጽፌ የማራገቢያውን ድምፅ አዳመጥኩ፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርም ከሌላው ፋይል አነበብኩ። ቀጥዬ 150 ጻፍኩ፤ ፍጥነቱ ጨመረ። 200 ብጽፍ አሁንም ጨመረ። 100 ሙሉ ከሆነ ከሙሉ በላይ ከየት ይመጣል? ከዚህ በኋላ ከሥርዓቱ ጋር ያለውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ፈልጌ አነበብኩ። በሊኑክስ የማራገቢያ ትእዛዝ የሚሰጠው ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር መሆኑንና ሙሉ የሚባለው 255 መሆኑን በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ 100 ማለት ከመቶው ወደ 39 የሚጠጋው ብቻ ነው። በዚያ ሙቀት ማራገቢያችን ከግማሽ ባነሰ ኃይል ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋ ነበር። ወረቀቱን የጻፈልን ሰው ክፉ ሰው ወይም ሰነፍ አልነበረም። «ሙሉ» ሲባል መቶ የሚል ቁጥር በልቡ ስለ መጣ ብቻ ጻፈው፤ ከመኪናው ጋር ግን አላመሳከረውም።

ይህን ባገኘሁ ጊዜ ልቤ በጣም ኮራ። አሮጌውን ወረቀት ቀድጄ አዲስ መመሪያ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ነገር ግን፣ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ የራሴን ስሕተት ነው።

ማራገቢያው ሁለት ፋይሎች አሉት። አንደኛው የፍጥነቱ ሲሆን ሁለተኛው የአገዛዙ ነው፤ ይኸውም ማን እንደሚያዘው የሚወስነው ነው። በአገዛዙ ፋይል ላይ 1 ቢጻፍ ሰው ያዘዋል፤ 2 ወይም ከዚያ በላይ ቢጻፍ በራሱ መንገድ ሙቀቱን እያየ ይሠራል። 0 ቢጻፍ ግን የሚቆጣጠረው የለምና በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። በፍጥነቱ ፋይል ላይ ደግሞ 0 ማለት ቁም ማለት ነው። ያው አንድ ዜሮ በአንዱ ፋይል ሙሉ፣ በሌላው ባዶ ነው። እኔም በመመሪያዬ ላይ «እጅግ ሲሞቅ 0 ይጻፍ» ብዬ አኖርኩ። በልቤ ያሰብኩት የአገዛዙን ፋይል ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡ ሴት ናቸው። ወረቀቴን ሰጥቼ «እንደ ተጻፈው ያድርጉልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡና በፍጥነቱ ፋይል ላይ 0 ጻፉ። ማራገቢያው ጸጥ አለ። እኔም ደንግጬ «እትዬ፣ እዚያ ላይ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ ወረቀቱን መለሱልኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጽሑፍህ ዜሮ ይጻፍ ይላል እንጂ በየትኛው ላይ እንደሚጻፍ አይልም። አንተ በልብህ ያስቀረኸውን እኔ ከየት አምጥቼ ላንብበው?»

ከዚህ ቃል የበለጠ ትምህርት አላገኘሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ ጽሑፍም ጉድለቱን ለጸሐፊው አይነግረውም። ጸሐፊው የጎደለውን ሁሉ ሳያውቀው ከልቡ እየሞላ ያነበዋል። አንባቢው ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያን የሚመረምር ሰው ከጸሐፊው የበለጠ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጸሐፊው ሳይሆን መቅረቱና ጽሑፉን ከመኪናው አጠገብ ቆሞ መሞከሩ ነው።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በዚሁ በሊኑክስ ውስጥ የኮምፒውተሩ የሙቀት መለኪያ ሙቀቱን የሚናገረው በዲግሪ አንድ ሺህኛ ነው። ሙቀቱ 42.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በፋይሉ ላይ 42500 ተብሎ ይነበባል። የባትሪው መዝገብ ግን ሙቀትን የሚናገረው በዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው፤ ያው 42.5 ዲግሪ እዚያ ላይ 425 ይሆናል። አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን መመሪያ ብቻ አንብቦ የባትሪውን 425 በዚያው ሥርዓት ቢያሰላው አንድ ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ሙቀት ያገኛል። በመተማ ቆርቆሮ ቤት፣ በእኩለ ቀን፣ በረዶ ሊሆን የቀረበ ባትሪ ማለት ነው! ይህ ያስቃል፤ ነገር ግን የሚስቀው ሙቀቱን በቆዳው የሚያውቅ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ግን አይስቅም፤ ባትሪው እየጋለ ሳለ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያምናል።

ይህ ነገር ለኮምፒውተር ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ለቆላ ሰዎች በእርሻችንም ያለ ነገር ነው። በሱዳን መሬት የሚለካው በፈዳን ነው፤ እኛ ግን የምንለካው በሄክታር ነው። አንድ ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ሲሆን አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ ሄክታር ተብሎ የተጻፈውን የፀረ ተባይ መጠን አንድ ገበሬ ለአንድ ፈዳን ቢረጨው ከሚገባው ከእጥፍ በላይ መድኃኒት በማሳው ላይ ያፈሳል። ለፈዳን የተጻፈውን ለሄክታር ቢያደርገው ደግሞ ከግማሽ ያነሰ ይሆንና ተባዩ ሳይሞት ይቀራል። ቁጥሩ በሁለቱም ትክክል ነበር፤ የጎደለው ከቁጥሩ አጠገብ መቆም የነበረበት አንድ ቃል ነው።

አንድ ቃል ስል የአገራችንን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ወዴት እንደምሄድ ሳያውቅ አይቀርም። ይህ ከተማችን መተማ ዮሐንስ የሚባለው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ስለ ወደቁ ነው። ጦርነቱ የተደረገው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ እንደምትችል ሲናገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባት። በመቻልና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፤ ነገሩ ግን እስከ ዐድዋ አደረሰ። የማራገቢያ መመሪያን ከመንግሥታት ውል ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ነገር ግን ለሁለት ወገን የተጻፈ ጽሑፍ ሁለቱም ወገኖች በሚያውቁት ፊት ቃል በቃል ካልተመሳከረ ጉዳቱ የሚታወቀው ከተፈረመ በኋላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላገኘሁም።

የሊኑክስን ሥርዓት የሚሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ መልካም ልማድ አላቸው። አዲስ መቆጣጠሪያ የሚያወጣ ሰው የመቆጣጠሪያውን ስም፣ የወጣበትን ጊዜ፣ የትኛው የሥርዓቱ እትም ላይ እንደ ተጨመረ፣ ስለ እርሱ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነና የሥራውን ዝርዝር እንዲጽፍ ይጠበቅበታል። የጻፈውን ሌሎች ያዩታል፤ ይጠይቁታል፤ ይነቅፉታል። «መርምሬዋለሁ» ብሎ ስሙን የሚሰጥ ሰው ስሙ ከሥራው ጋር አብሮ ይመዘገባል። ይህን ያህል የሚጠነቀቁበት ምክንያት አለ። ሰዎች አንድ መቆጣጠሪያ ለምደው ፕሮግራማቸውን በእርሱ ላይ ከሠሩ በኋላ መለወጥ የእነርሱን ሥራ ማፍረስ ስለሆነ፣ አንዴ የወጣው ነገር እንዲጸና ይጥራሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቸኩለው ያወጡት ስም ወይም መለኪያ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለብዙ ዓመት አብሮ ይኖራል። ስለዚህ የምርመራው ጊዜ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ነው።

እንግዲህ አንድ መመሪያ ሲሰጠን ወይም እኛው ስንጽፍ ምን ምን እንመርምር? እኔ ከደረሰብኝ ተምሬ በአምስት ነገር ከፍዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥር ባለበት ሁሉ መለኪያው አብሮ ይጻፍ። ዲግሪ ነው ወይስ የዲግሪ ሺህኛ? ሄክታር ነው ወይስ ፈዳን?

ሁለተኛ፣ ከየት እስከ የት እንደሚፈቀድ ይነገር፤ ዜሮው ምን ማለት እንደ ሆነም ለየብቻው ይብራራ። ዜሮ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል።

ሦስተኛ፣ ትእዛዙ የሚጻፍበት ቦታ በስሙ ይጠራ። «እዚያ ላይ» ወይም «እርሱን» የሚል ቃል በመመሪያ ውስጥ አይግባ።

አራተኛ፣ ሰው ቢሳሳት ምን እንደሚሆንና ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍ። የሚሳሳተው ሰው መመሪያውን የሚያነበው በድንጋጤ ጊዜ መሆኑ ይታሰብ።

አምስተኛውና ዋናው፣ ጽሑፉን ጸሐፊው ያልሆነ ሰው ከመኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ቃሉን ብቻ እየተከተለ ይሞክረው። በዚያን ጊዜ ጸሐፊው አፉን ይዝጋ። አፉን ከፍቶ ባስረዳ ቁጥር የጽሑፉን ጉድለት ይሸፍናልና።

እኔ አፌን መዝጋት አልቻልኩም ነበር። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ግን ቻልኩ። እትዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ፣ ማራገቢያውን በሙሉ ኃይሉ አስነሡት፤ ከዚያም በራሱ እንዲሠራ መለሱት። ወረቀቱ ላይ ከእኔ ስም በታች የእርሳቸው ስም እንዲጻፍ ለመንኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን ጻፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት የደመወዝ ቀኖች መዝገቡ አልተዘጋም፤ ሠራተኛውም ገንዘቡን በሰዓቱ ተቀብሎ ሄደ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ወደ ቆላችን በየዓመቱ አዲስ መኪና ይገባል። የውሃ መሳቢያ፣ የመርጫ መሣሪያ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ትራክተር፣ ኮምፒውተር ሁሉ ከመመሪያው ጋር ይመጣል፤ መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ አገር ቋንቋ ነው። ነገ ይህን ወደ አማርኛ የምንመልሰው፣ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን የምናነበው እኛ የተማርነው ነን። ወረቀት ስንጽፍ የሚያምነን ሰው እንዳለ እናስብ። ያ ደመወዙን ፈልጎ በደጅ የቆመው ሰው ማራገቢያውንም፣ ፋይሉንም፣ 255 የሚለውንም ቁጥር አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገባውም። እርሱ የሚያውቀው መኪናው ትቶት መሄዱን ብቻ ነው። እኔም ወረቀት በጻፍኩ ቁጥር የማስበው እርሱን ነው።